በሰው ቁጥር አይታረፍም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡና ያፈላ ቡናውን ይዞ ይቀመጥ፤ የቸኮለ ደግሞ ሴቭ አድርጎ ማታ ያንብበው።

ከጥቂት ወራት ወዲህ በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ተደጋግሞብኛል። «መምህር፣ የሪሞት ጄት ለማሳረፍ ፍላፑ ስንት ይውረድ? ኤይለሮኑስ ስንት ሚክስ ይደረግበት?» ከሐይቅም ይጽፉልኛል፣ ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከአዲስ አበባም። ጥያቄው ደስ ይለኛል። የእኛ ልጆች ስለ ክንፍ ሲጨነቁ ማየት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። መልሴ ግን ብዙዎቻችሁን እንዳስከፋ ዐውቃለሁ፤ ቁጥር አልሰጥም። ንፉግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ የምሰጣችሁ ቁጥር አውሮፕላናችሁን ሊሰብረው ስለሚችል ነው። ዛሬ ምክንያቴን በአደባባይ ልናገር፤ ክርክር ያለው ይከራከረኝ።

መጀመሪያ ነገሩን ለማታውቁት። በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ፣ ወደ አካሉ ቀረብ ብሎ ወደ ታች የሚታጠፈው ክፍል ፍላፕ ይባላል። ወደ ጫፉ ያለው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየወረደ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድለው ደግሞ ኤይለሮን ነው። ፍላፕ ሲወርድ ክንፉ በዝግታ እየሄደም ክብደቱን መሸከም ይችላል፤ በዚያው ልክ አየሩ ይይዘዋል፣ ፍጥነቱን ይቀንስለታል። ሚክስ የምንለው ሪሞቱ ውስጥ የምናስገባውን ትእዛዝ ነው፦ አንድ ማብሪያ ስትነኩ ፍላፑ ብቻ ሳይሆን ኤይለሮኑም፣ ጭራው ላይ ያለው ኤሌቬተርም አብረው እንዲንቀሳቀሱ።

ነገሩን ለማየት ሪሞት መግዛት አያስፈልግም። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርዳችሁ ወፎቹ ውሃ ላይ ሲያርፉ ተመልከቱ። ክንፋቸውን ይለጥጣሉ፣ ጭራቸውን ይዘረጋሉ፣ እግራቸውን ወደ ፊት ይልካሉ። ነፋሱ ሲቀየር ደግሞ የሚያርፉበት መንገድም አብሮ ይቀየራል።

ጄት ለምን የተለየ ሆነ? ፕሮፔለር ያለው ሞዴል ጋዝ ሲቀነስለት ፕሮፔለሩ ራሱ ፍሬን ይሆንለታል። ጋዝ ሲጨመርለት ደግሞ ወዲያው ነፋስ ወደ ክንፉና ወደ ጭራው ይወረውራል። ጄት ሁለቱም የሉትም። ቅርጹ ሹል ስለሆነ ፍጥነቱን ቶሎ አይለቅም። ኬሮሲን የሚያቃጥለው ትንሹ ተርባይን ዝቅተኛው ዙር ላይ ሆኖ እንኳ ወደ ፊት መግፋቱን አያቆምም፤ ከዚያ ተነሥቶ ሙሉ ኃይል ለመስጠትም ሰኮንዶች ይፈጅበታል። በኤሌክትሪክ ፋን የሚሠራው የፎም ጄት ከተርባይኑ ቢፈጥንም እንደ ፕሮፔለር አይታዘዝም። ስለዚህ «ዝቅ ብያለሁ፣ ጋዝ ልስጠው» ስትል መልሱ ዘግይቶ ይመጣል። ጄት ላይ ፍላፕ ከሚያስፈልግባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። አየሩ ስለሚይዘው ሞተሩን ጨርሰህ ሳትቀንስ፣ በመካከለኛ ዙር እንዳለ መውረድ ትችላለህ። ኃይል በፈለግህ ሰዓት ሞተሩ ነቅቶ ይጠብቅሃል።

አሁን ወደ ኤይለሮኑ እንምጣ። ክርክሩም ያለው እዚህ ነው። ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው፣ ፍላፑ ሲወርድ ሁለቱም ኤይለሮኖች አብረው ዝቅ እንዲሉ ማድረግ ነው። ክንፉ በሙሉ ፍላፕ ሆነ ማለት ነው። ወረቀት ላይ ያምራል፤ የማንሳት ኃይሉን ይጨምራል። ችግሩ ጫፉ ላይ ነው። ክንፍ ፍጥነት ሲያንሰውና ከመጠን በላይ ቀና ሲል አየሩን ይለቃል፤ ስቶል የምንለው ይህ ነው። ጫፉ ከሥሩ ቀድሞ ከለቀቀ፣ ሁለቱ ጫፎች ደግሞ እኩል ስለማይለቁ፣ አንዱ ክንፍ ዱብ ይላል። አብዛኛው ጄት እንደ ጭልፊት ክንፉ ወደ ኋላ የሸሸ ነው፤ እንዲህ ያለ ክንፍ በጠባዩ ከጫፉ መልቀቅ ይወዳል። ኤይለሮኑን ማውረድ ይህን ጠባይ ያባብሰዋል።

ሁለተኛው፣ ፍላፑ ሲወርድ ኤይለሮኖቹ ወደ ላይ እንዲነሡ ማድረግ ነው። ፈረንጆቹ «ክሮው» ይሉታል፤ ቁራ ማለት ነው። ሞተር ከሌላቸው ግላይደሮች የመጣ ዘዴ ነው። ግላይደር ረጅም ክንፍ ይዞ «መሬት አልነካም» ስለሚል ፍላፑን 80 ዲግሪ ገደማ አውርደው ኤይለሮኑን ያነሡለታል፤ ፍሬን መሆኑ ነው። ጥቅሙ ሁለት ነው። አየሩ በደንብ ይይዘዋል፤ ጫፉ ደግሞ ሸክሙ ስለሚቀልለት ከሥሩ በኋላ ነው የሚለቀው። ጄት ላይም በልኩ ከሆነ ጥሩ ነው። ግን ዋጋ አለው። ጫፉ የጣለውን ሸክም ማን ይሸከመዋል? የቀረው ክንፍ ነዋ! ስለዚህ ፍላፕ ብቻ ካወረድክበት ጊዜ ይልቅ ፈጠን ብለህ መምጣት አለብህ። ይህን ሳያውቅ «ፍሬን አለኝ» ብሎ የሚዘገይ ሰው ፍሬኑ ራሱ ይጥለዋል።

ሦስተኛው፣ ኤይለሮኑን አለመንካት ነው። ፍላፕ ብቻ፣ አፍንጫው ቀና ወይም ደፋ እንዳይል ከሚያስተካክል ጥቂት የኤሌቬተር ሚክስ ጋር። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ጀማሪ ከሦስተኛው ይነሣ፤ ምክንያት ካገኘ ብቻ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሁለተኛው ይሂድ፤ ክንፉ ወደ ኋላ በሸሸ ጄት ላይ አንደኛውን አይሞክር።

ቁጥር ብቻውን ሲላክ ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። እዚህ ላለው ታናሽ ወንድሙ የፎም ጄት ላከለት፤ አብሮም የራሱን ሪሞት ስክሪን ፎቶ አንሥቶ፣ ፍላፕ ይህን ያህል ወደ ታች፣ ኤይለሮን ይህን ያህል ወደ ላይ ብሎ። ያ ቁጥር ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ሜዳ ላይ ደጋግሞ በሰላም አሳርፏል። ልጁ ምንም ሳይቀይር አስገባው። ለማረፍ ሲመጣ አውሮፕላኑ ፈጠነበት፤ ጋዝ ቀነሰ፣ አፍንጫውን ቀና አደረገ፣ ግራ ክንፉ ዱብ አለ፤ በቃ። ታላቅየው በስልክ «ሪሞቱን አበላሽተኸው ነው» አለው፤ ታናሽየው «የላክኸው ቁጥር ውሸት ነው» አለ። ሁለቱም ልክ አልነበሩም። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን የቨርጂኒያ እውነት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። በባሕር ጠለል፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያው አንድ ሜትር ኩብ ወደ 1 ኪሎ ግራም ይወርዳል፤ ሞቅ ባለ ቀትር ከዚያም ያንሳል። 20 በመቶ ያህሉ አየር የለም ማለት ነው። ክንፍ የሚያነሣው በአየሩ ጥግግትና በራሱ ተባዝቶ በሚመጣው ፍጥነት ልክ ነው። አየሩ በ20 በመቶ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፍጥነቱ 12 በመቶ ያህል መጨመር አለበት። ቨርጂኒያ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ የሚያርፈው ጄት እዚህ ወደ 45 ይፈልጋል። «5 ኪሎ ሜትር ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። መሬት ሲነካ ይዞት የሚመጣው ጉልበት ግን 25 በመቶ ይጨምራል፤ ለመቆም የሚፈልገው ሜዳም በዚያው ልክ ይረዝማል። የፋኑ ግፊት ደግሞ አየሩ ሲሳሳ አብሮ ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚብሰው ዐይን ነው። እውነተኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለ አብራሪ የፍጥነት መለኪያው የሚለካው አየሩ የሚገፋበትን ግፊት ነው። ስለዚህ ከፍታ ላይም ለማረፍ የለመደውን ቁጥር ነው የሚያነበው፤ ከታች መሬቱ ፈጥኖ ቢያልፍም መለኪያውን ያምናል። እኛ መሬት ላይ ቆመን የምናበር ሰዎች ግን መለኪያችን ዐይናችን ነው። ዐይን ደግሞ የሚያየው ከመሬቱ አንጻር ነው። የዝቅተኛ አገር ቪዲዮ እያየ የለመደ ዐይን ትክክለኛውን ፍጥነት «በዛ» ይለዋል። ስለዚህ ያዘገያል፤ አዘግይቶም ይጥላል። ያን ልጅ የጣለው ይህ ነው። በዚያ ላይ ወደ ላይ የተነሣው ኤይለሮን ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልግ ነበር።

የአምባሰል ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ክራር የሚቃኝ ሰው የሌላው ክራር መቃኛ ስንት ዙር እንደዞረ ቆጥሮ የራሱን አይቃኝም። ክሩ ሌላ ነው፣ እንጨቱ ሌላ ነው። ጆሮውን ነው የሚያምነው። ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፈው ቅኝቱ ነው፤ የመቃኛው ዙርማ እያንዳንዱ በራሱ ክራር ላይ የሚያገኘው ነገር ነው።

አንድ ጎበዝ እንደሚይዘኝ ዐውቃለሁ። ቦይንግ 777 ውስጥ ክንፉ አጠገብ መስኮት ዳር የተቀመጠ ሰው ለማረፍ ፍላፑ ሲወርድ ኤይለሮኖቹም አብረው ዝቅ ሲሉ ያያል። «ታዲያ አንተ ለምን አታውርዱ ትላለህ?» ጥሩ ጥያቄ ነው! የ777 ልክ የተገኘው በነፋስ ዋሻ ተፈትኖ፣ በሙከራ በረራ ተረጋግጦ፣ ለዚያ ክንፍ ብቻ ነው። ክንፉ ከፊት ጠርዙም ላይ የሚወጣ ስላት አለው፤ አየሩን ቶሎ እንዳይለቅ የሚጠብቀው እሱ ነው። የአንተ ፎም ጄት ስላት አላት? ከሌላት የ777ን ግማሽ ብቻ ነው የቀዳኸው። ቀጭን አየር የሚጠይቀውን ዋጋ ደግሞ ትልልቆቹም ይከፍላሉ። ከ2300 ሜትር በላይ ያለው ቦሌ 3800 ሜትር የሚረዝም ማኮብኮቢያ የዘረጋው ለጌጥ አይደለም።

ሚክስ ካነሣን ዘንድ አንድ የሚያም ነገርም አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነሥቶ ቢሾፍቱ አካባቢ ሲወድቅ 157 ሰዎች አጥተናል። ፍላፕ ሲሰበሰብ ብቻ የሚሠራው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት፣ ከተሳሳተ ዳሳሽ በመጣ መረጃ ተነሥቶ፣ አብራሪዎቹ እየታገሉት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። መጫወቻን ከዚያ ሐዘን ጋር እኩል ማድረጌ አይደለም፤ ነፍስ ይማር። ትምህርቱ ግን ለትንሹም ይሠራል። እጅህ ሳያዘው የሚንቀሳቀስ ነገር አውሮፕላን ላይ ስትጭን መቼ እንደሚነሣ፣ ምን አይቶ እንደሚነሣና በምን እንደሚጠፋ ማወቅ ግዴታህ ነው። ከሌላ ሰው ስክሪን የተቀዳ ሚክስ ይህን አይነግርህም።

እሺ፣ ቁጥር ካልሰጠሁ ምን እሰጣለሁ? መንገድ።

1. መሬት ላይ ጀምር። ፍላፑን ሙሉ አውርደህ ዱላውን እስከ ጥግ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ግፋው። ኤይለሮኖቹ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚሄዱበት በቂ ቦታ ቀርቷቸዋል? ሚክሱ ሰርቮውን ጥጉ ላይ አድርሶት ከሆነ ነፋስ ሲያጋድልህ ክንፉ የሚሰጥህ ነገር የለውም።

2. ፍላፑ በአንዴ ዱብ አይበል፤ ሁለት ሰኮንድ ያህል ወስዶ ይውረድ። ሦስት ደረጃ ይኑረው፦ ዜሮ፣ ግማሽ፣ ሙሉ። የኤይለሮኑ ሚክስ ለብቻው የሚጠፋበት ማብሪያ ይኑረው።

3. ከፍ ብለህ ሞክር፤ መጀመሪያ ፍላፕ ብቻ። አፍንጫው ቀና ካለ ጥቂት ኤሌቬተር ወደ ታች፣ ከደፋ ጥቂት ወደ ላይ። እጅህን ከዱላው ላይ ብታነሣም የማይደናገጥ እስኪሆን ድረስ በጥቂት በጥቂቱ።

4. እዚያው ከፍታ ላይ ሆነህ ክንፉ እስኪለቅ አዘግየው። አፍንጫውን ቀጥ ብሎ ከደፋ ጥሩ ነው፤ ኤይለሮኑን አትንካው። አንድ ክንፍ ከጣለ ግን ሁለቱንም ኤይለሮኖች ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ አንሣና እንደገና ሞክር። ጠባዩ ሲስተካከል እዚያው ቁም።

5. ክንፉ የሚለቅበትን ፍጥነት ዐይንህ ይልመደው። ለማረፍ ስትመጣ ከዚያ 1.3 እጥፍ ያህል ይሁን፤ የቆየ የአብራሪዎች ልማድ ነው። ዐይንህ «በዛ» ቢልህ የልምምዱን እመን።

6. ደብተር ያዝ። ሰዓቱን፣ ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ የአውሮፕላኑን ክብደት ከነባትሪው ጻፍ። የጠዋቱ ልክ ለቀትር ላይሆን ይችላል።

ያ ልጅ ክንፉን በማጣበቂያ ጠግኖ በዚህ መንገድ ከዜሮ ጀመረ። አሁን የሚጠቀምበት የኤይለሮን ልክ ከወንድሙ ቁጥር ግማሹም አይሆንም። ስንት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አልነግራችሁም!

ይህ ሁሉ የሚመጣው ግን ከአንድ የማይታለፍ ነገር በኋላ ነው። ወሎ ውስጥ ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ እንደ ሌላው አገር ድምፅ አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበዋል፤ ያንን ሲተርኩ የሰማናቸው አያቶች ነበሩን። በ2014 ጦርነቱ በዚህ ሲያልፍ የሰማነውን ደግሞ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። የፋን ጩኸት ለአንተ ጨዋታ ነው፤ ለጎረቤትህ እናት ግን ልጆቿን ጠርታ ወደ ቤት የምታስገባበት ድንጋጤ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሚመለከታቸው አካላት ፈቃድ ሳይገኝ፣ መንደሩም ሳይነገረው፣ ምንም ነገር እንዳይነሣ። ፈቃድ ካልተገኘ ሲሙሌተር አለ። ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ገዳም፣ መስጊድ አጠገብማ ፈቃድ ቢኖርም አይሆንም። ቅድም ያሰላነው 25 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት አንድ ሕፃን ላይ ሲያርፍ አስቡት።

«መምህር፣ ስለ መጫወቻ ይህን ያህል?» የምትሉ አላችሁ። የሚያሳስበኝ መጫወቻው ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነት አለ፣ ድህነት አለ፣ መጽሐፍ የለም። ክፍል ውስጥ ቆሜ ያየሁት አንዱ ምክንያት ግን ይህ ነው፦ መልሱን እንቀዳለን፣ ለምን እንደሆነ አንጠይቅም። የአየር ጥግግት ለተማሪው ፎርሙላ ውስጥ ያለች አንዲት ፊደል ናት፤ ፈተና ላይ ቁጥር ይተካባታል፣ ከዚያ ትረሳለች። የቨርጂኒያው ቁጥር ክንፍ ሲሰብርበት ግን ያቺ ፊደል ሐይቅ ከተማ ሆነች፣ ቀትር ሆነች፣ የራሱ ሜዳ ሆነች። ያ ልጅ ከእንግዲህ አይረሳትም። አንድ የፎም ክንፍና አንድ የኩሽና ሚዛን ያለው የትምህርት ቤት ክበብ ብዙ የጥቁር ሰሌዳ ሰዓት ይተካል ብዬ አምናለሁ።

ልጆቻችን ፍላጎት የላቸውም የሚለኝን ሰው አልሰማም። አስመላሽ ዘፈሩን አስታውሱ። እንደ ፈረንጆቹ በ2015 የአሮጌ ቮልስዋገን ሞተር ገጥሞ በራሱ እጅ የሠራትን አነስተኛ አውሮፕላን ለሙከራ ያወጣ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ እየተማረ። ፍላጎቱ ሞልቷል። የጎደለው «ለምን?» ብለው የሚጠይቁበት፣ ሞክረው የሚሰብሩበትና የሚጠግኑበት ቦታ ነው።

ተቃውሞም ደርሶኛል፤ ልክ ነውና ልቀበለው። «ጀማሪ እኮ መነሻ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ከባዶ አይነሣም» ይሉኛል። እውነት ነው። ከሞዴሉ ጋር የሚመጣው የአምራቹ መመሪያ መነሻ ይሰጣል፤ ከዚያ ተነሡ። እኔ የምቃወመው መነሻውን መድረሻ ማድረግን ነው። በውጭ ያላችሁ ልጆቼ፣ ለወንድሞቻችሁና ለእኅቶቻችሁ ቁጥር ስትልኩ ከነአገሩ ላኩት። ሜዳው ከባሕር ጠለል ስንት ሜትር ከፍ ይላል? ሙቀቱ ስንት ነበር? አውሮፕላኑ ስንት ይመዝናል? ኤይለሮኑን ለምን አነሣኸው፣ ምን ጠባይ አይተህ ነው? ይህን ካከላችሁበት እዚህ ያለው ልጅ የራሱን ልክ ማግኛ መንገድ ይኖረዋል።

እንግዲህ ክርክሩ ክፍት ነው። ከሥር ጻፉልኝ፤ የማትስማሙ በተለይ። ቁጥር የምትጽፉም ጻፉ፤ ግን ከነከፍታው፣ ከነክብደቱ፣ ከነምክንያቱ። ቁጥሩን ብቻ ጽፎ የሄደ ተማሪ ካገኘሁ እንደ ድሮው ጥቁር ሰሌዳ ላይ አወጣዋለሁ፤ እዚያ ቆሞ ለሁላችን ያስረዳል።

ቸር ያሰማን።